ማስክ ሰጥተው መጥረጊያ ካስያዟችሁ፣ አቧራው አልታሰረም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ጊዜ ያለው አሁን ያንብበው፣ የሌለው ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስበት። የማወራው ስለ መድኃኒት ፋብሪካ አቧራ ነው። አዎ፣ ስለ አቧራ።

«አርባ ምንጭ ኩልፎ ዳር ተቀምጠህ የመድኃኒት ፋብሪካ ምን አገባህ?» የሚል አይጠፋም። ያገባኛል። አንደኛ፣ ያስተማርኳቸው ልጆች እዚያ እየገቡ ነው። ፋርማሲ ያጠና አለ፣ ኬሚስትሪ ያጠና አለ፣ ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ ወይ በመካኒክ የወጣ አለ። ሥራ ፈልጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ልጅ ፋብሪካ ደጃፍ መቆሙ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ሴቻ ሆነ ሲቀላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የምትቀበሉትን ክኒን አንድ ሰው የሆነ ቦታ ዱቄቱን መዝኖ፣ ነፍቶ፣ ቀላቅሎ ነው የሠራው። የኛ ጤና በዚያ ሰው እጅ አልፏል። ሦስተኛ ደግሞ፣ ነገሩ ከሞላ ጎደል ክፍል ውስጥ የተማርነው ሳይንስ ነው። እኔ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ፣ የኢንዱስትሪ ኤክስፐርት ነኝ አልልም። ግን ይሄን ለመረዳት ኤክስፐርት መሆን አያስፈልግም።

የምለውን ከመጀመሪያው ልናገርና ከዚያ ላስረዳ፦ ለሠራተኛው ማስክ ሰጥቶ መጥረጊያ የሚያስይዝ ፋብሪካ አቧራውን አልተቆጣጠረም። አቧራውን ከወለሉ አንስቶ ወደ ሠራተኛው ሳንባ ነው ያዛወረው። አቧራ የሚታሰረው በተነሳበት ቦታ፣ በትክክለኛ መሳቢያና በትክክለኛ ፊልተር ነው። ይሄ ደግሞ «ስናድግ እንገዛዋለን» የሚባል ቅንጦት መሆን የለበትም።

መጀመሪያ አገሩን እንይ። መድኃኒት እዚህ አገር መሥራት የጀመርነው ትናንት አይደለም። ኢፋርም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ በኋላ አዲግራት ላይ የአዲስ መድኃኒት ፋብሪካ፣ ገላን ላይ ካዲላ፣ ዱከም ላይ ሳንሸንግ መጡ። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ፣ ሐገረ ማርያም ከሰም ወረዳ ላይ ደግሞ ሂውማንዌል እ.ኤ.አ. በ2018 ተመረቀ። ቂሊንጦ ላይ ለመድኃኒት ብቻ ተብሎ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል። መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2025 የሚዘልቅ የመድኃኒት ማምረቻ ስትራቴጂ አውጥቶ ነበር። ይሄ ሁሉ ደስ የሚል ነው። በዶላር እጥረት መድኃኒት ጠፋ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቃል። ከላይ ስማቸውን በጠራኋቸው ላይ ክስ የለኝም። የጠራኋቸው ዘርፉ እያደገ መሆኑን ለማሳየት ነው። ዘርፉ ካደገ አብሮት የሚያድገው ዱቄት ነው፣ ወሬዬም ስለ ዱቄቱ ነው።

ክኒን እንዴት እንደሚሠራ አስቡት። ጥሬ ዕቃው በከረጢት ወይም በበርሜል ይመጣል። ይከፈታል፣ ይመዘናል። በወንፊት ይነፋል። ከስታርችና ከላክቶስ ጋር ይቀላቀላል። ይረጥባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይፈጫል። ከዚያ በማሽን ተጨምቆ ክኒን ይሆናል፣ ወይ ካፕሱል ውስጥ ይሞላል። ወፍጮ ቤት ገብቶ የማያውቅ የለም አይደል? ባለ ወፍጮው ቅንድቡ ድረስ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። እዚህም ዱቄት በፈሰሰ፣ በተነፋና በተፈጨ ቁጥር ብናኝ ይነሳል። ልዩነቱ፣ ይሄ ዱቄት የተሠራው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሥራ እንዲሠራ መሆኑ ነው። የጤፍ ዱቄት የደም ግፊት አያወርድም። ይሄኛው ያወርዳል፣ ለዚያውም ግፊት የሌለበትን ሰው!

አሁን ትንሽ ፊዚክስ። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ወደ ሳንባችን መጨረሻ፣ ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባባቸው ከረጢቶች ድረስ የሚዘልቀው ብናኝ ደግሞ በጥቅሉ ከ5 ማይክሮን በታች ያለው ነው። ማለትም ከፀጉር ከ14 እጥፍ በላይ የቀጠነ፣ ዓይን የማያየው። በመስኮት በገባ የፀሐይ ጨረር ላይ ሲጨፍር የምታዩት ትልልቁ ነው። እሱ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ታስነጥሱታላችሁ። አደገኛው የማታዩት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ደቃቁ ብናኝ ቶሎ አይወርድም። ነፋስ በሌለበት ዝግ ክፍል ውስጥ 10 ማይክሮን የሆነ ብናኝ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ወለል ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። 1 ማይክሮን የሆነው ግን 12 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሰው ከተንቀሳቀሰ፣ በር ከተከፈተ ጭራሽ አይወርድም። ለእኛ አገር ሰው ይሄን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ሁለቱን ሐይቆች እዩ። አባያ ቡናማ ነው፣ ጫሞ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አባያን ያቀላው ወንዞች ያመጡለት፣ ከደቃቅነቱ የተነሳ መዝቀጥ ያቃተው አፈር ነው። ጠጠሩ ወዲያው ይሰምጣል፣ ደቃቁ ግን ተንሳፎ ይኖራል። የፋብሪካ ክፍል አየርም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ አባያን በዓይናችን እናየዋለን፣ አየሩን አናየውም።

«እሺ፣ ትንሽ ዱቄት ምን ያደርጋል?» ለሚል ስሌት ላሳይ። ኃይለኛ ለሆኑ መድኃኒቶች አየር ውስጥ እንዲኖር የሚፈቀደው ጣሪያ ብዙ ጊዜ በአንድ ሜትር ኩብ 10 ማይክሮግራም ነው፣ ከዚያ በታች የሆነላቸውም አሉ። አንድ መማሪያ ክፍል ውሰዱ። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 7፣ ከፍታው 3። ሲባዛ 168 ሜትር ኩብ። በ10 ሲባዛ 1,680 ማይክሮግራም፣ ማለትም 1.7 ሚሊ ግራም ገደማ። አንድ ፍሬ ስኳር ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ሦስት አራት ፍሬ ስኳር የሚያክል ዱቄት ደቅቆ ክፍሉ አየር ውስጥ ቢበተን ጣሪያው ላይ ደረስን ማለት ነው። ሻይ ስትጠጡ ጠረጴዛ ላይ የምታንጠባጥቡት ይበልጣል! በዓይን «ንጹሕ ነው» ብሎ መፍረድ ለምን እንደማይቻል ይሄ ብቻ ይበቃል።

ውጤቱ ደግሞ በወሬ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የወሊድ መከላከያ ክኒን የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ነበር። ወንድ ሠራተኞቹ ጡት ማብቀል ጀመሩ። ሴቶቹ የወር አበባቸው ተዛባ። ምርመራ ሲደረግ ምክንያቱ አየር ላይ የነበረው የሆርሞን ዱቄት ሆኖ ተገኘ። አንዳቸውም ክኒን አልዋጡም፣ ተነፈሱት እንጂ። ፔኒሲሊንን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዱቄቱን በየቀኑ የሚተነፍስ ሰው ሰውነቱ «ጠላት ነው» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። አስም ይይዘዋል፣ ቆዳው ይሽራል ሲባል ይቆጣል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ነገ ታሞ ሐኪም ፔኒሲሊን ቢወጋው ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የመልካም አመራረት መመሪያ ፔኒሲሊን ለብቻው ራሱን በቻለ ማምረቻ ይሠራ የሚለው።

ሌላም አለ፤ ፍንዳታ። ስታርች፣ ላክቶስ፣ ስኳር፣ ብዙዎቹ የመድኃኒት ዱቄቶችም ይቃጠላሉ። ክምር ዱቄት በክብሪት ብትነኩት ቀስ ብሎ ይጨሳል። አየር ላይ ከተበተነ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት በኦክስጅን ተከባለች፣ አንድ ብልጭታ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 29፣ 2003 አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ኪንስተን ከተማ፣ ለመርፌና ለመድኃኒት ጠርሙስ የጎማ ዕቃ የሚሠራ የዌስት ፋርማሲዩቲካል ፋብሪካ ፈነዳ። 6 ሰው ሞተ፣ 38 ቆሰለ። ከዚህ አደጋ የምወስደው ትምህርት ምን መሰላችሁ? ወለሉና ማሽኑ ንጹሕ ነበር። ሠራተኞቹ የሚታየውን በትጋት ያጸዱ ነበር። አቧራው የተጠራቀመው ከኮርኒሱ በላይ፣ ማንም ቀና ብሎ በማያይበት ቦታ ነው። የሚታየውን ማጽዳት አላዳናቸውም።

አሁን ወደ መጥረጊያው እንምጣ። ደረቅ ዱቄት በመጥረጊያ ሲጠረግ ትልልቁ ወደ ጥግ ይሄዳል፣ ደቃቁ ተነስቶ 12 ሰዓት ይንሳፈፋል። በኮምፕረሰር ማራገፍ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እናቶቻችን ይሄን ድሮ ነው ያወቁት። ግቢ ከመጥረጋቸው በፊት ውሃ የሚረጩት ለምን ይመስላችኋል? አቧራው እንዳይነሳ፣ እርጥበቱ ቅንጣቶቹን አያይዞ እንዲያከብዳቸው ነው። ትክክለኛ ሳይንስ ነው። መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ግን ክምር ዱቄት ላይ ውሃ መርጨት ችግር አለው፣ ዱቄቱ ይለጠፋል፣ እርጥበቱ ጀርም ያራባል። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል በመጨረሻ ይመጣል። ዋናውን ዱቄት የሚያነሳው የፋብሪካ ቫኪዩም ነው።

የፋብሪካ ቫኪዩም ስል ምንጣፍ የምናጸዳበትን ማለቴ አይደለም። የቤቱ ቫኪዩም ትልልቁን ይይዝና ደቃቁን በጀርባው መልሶ ይተፋዋል። እንዲያውም እያደቀቀ አየር ላይ የሚረጭ ማሽን ሆነ ማለት ነው። የፋብሪካው በደረጃ ነው የሚያጣራው። መጀመሪያ አየሩን እንደ አውሎ ነፋስ ያዞረዋል፣ ከባዱ ዱቄት ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥሎ ያለው ፊልተር መካከለኛውን ይይዛል። መጨረሻ ላይ ሄፓ የሚባለው ፊልተር አለ። ይሄ ፊልተር የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካኖች የአቶም ቦምብ ሲሠሩ ሬዲዮአክቲቭ ብናኝ እንዳያመልጥ ብለው ነው። 0.3 ማይክሮን ከሆኑ 10,000 ቅንጣቶች 9,997ቱን ይይዛል።

ለምን 0.3? ተማሪዎቼ ይሄን ጥያቄ ይወዱታል። ሄፓ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ያለው ሳይሆን እንደ ጥቅጥቅ ጫካ ያለ የቃጫ ንጣፍ ነው። ትልልቁ ቅንጣት አየሩ ሲታጠፍ መታጠፍ አቅቶት ቃጫውን ይመታል። በጣም ትንሹ ደግሞ የአየር ሞለኪውሎች እየገፉት ይንቀጠቀጣል፣ የብራውን እንቅስቃሴ ያልነውን አስታውሱ፣ ስለዚህ እሱም ሲቅበዘበዝ ቃጫ ላይ ይለጠፋል። ለማምለጥ የሚመቸው የመሃሉ ነው፣ እሱም 0.3 አካባቢ ያለው። ፊልተሩን በከባዱ ፈተና ነው የሚለኩት፣ እሱን ካለፈ ሌላው ቀላል ነው።

ታዲያ «ሄፓ አለን» ማለት ብቻ አይበቃም። ፊልተሩ ዙሪያ ያለው ጎማ በደንብ ካልገጠመ አየሩ በጎን ያመልጣል፣ 9,997 የሚባለው ቁጥርም ወረቀት ላይ ይቀራል። ማሽኑና ቱቦው ከመሬት ጋር በሽቦ ካልተያያዘ ዱቄቱ ሲፋተግ የሚፈጠረው ስታቲክ ብልጭታ ያመጣል፣ ስለ ፍንዳታው ያልኩትን አትርሱ። ሞልቶ ሲለወጥ ደግሞ ወር ሙሉ የሰበሰበው ዱቄት በአንድ ጊዜ ሰው ፊት ላይ ይከፈታል። ለዚህ ነው ጥሩዎቹ ማሽኖች ፊልተሩ ከላስቲክ ከረጢቱ ሳይወጣ ታስሮ የሚለወጥበት አሠራር ያላቸው። መለወጫውን የማያውቅ ሠራተኛ በእጁ ሊያራግፈው ይችላል። ማሽን መግዛት ግማሽ ነው፣ ግማሹ ስልጠናና መለዋወጫ ነው።

አሁን ዋናው ክርክሬ ጋ ደረስኩ። ብዙ ሰው «መድኃኒት ፋብሪካ እኮ ንጹሕ ነው፣ ቁጥጥር አለው፣ አየሩ ራሱ ይጣራል» ይለኛል። እውነት ነው፣ ቁጥጥር አለው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥልጣን ተሰጥቶት ያያል። ግን ምንድን ነው የሚያየው? ዋናው ጭንቀቱ ክኒኑ ነው፣ መሆንም አለበት። የአንዱ መድኃኒት ዱቄት ከሌላው እንዳይቀላቀል የማምረቻ ክፍሉ የአየር ግፊት ከኮሪደሩ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። በር ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ዱቄት ወደ ውጭ አይወጣም። ጎበዝ አሠራር ነው። ኮሪደሩ ተጠበቀ፣ ጎረቤት ክፍል ያለው መድኃኒት ተጠበቀ፣ ሕመምተኛው ተጠበቀ። ሠራተኛውስ? እሱ እኮ ውስጥ ነው! ዱቄቱ ከክፍሉ እንዳይወጣ ተደርጎ ሲታሰር አብሮት ታስሯል። ዱቄቱ በተነሳበት አፍ ላይ የሚስበው መሳሪያ ከሌለ የዚያ ክፍል የመጨረሻው ፊልተር የሰውዬው ሳንባ ነው።

ስለዚህ ፋብሪካው የምርት ጥራት ሰርተፊኬት አገኘ ማለት ሠራተኛው ደህና ነው ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የሠራተኛው ጥያቄ የሚመለከተው የሥራ ሁኔታ ቁጥጥርን፣ የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤቶችን ነው። አንዱ ተቆጣጣሪ ለክኒኑ ይመጣል፣ ሌላው ለሰውዬው። አቧራው ግን አንድ ነው። ሁለት ባለቤት ያለው ነገር ባለቤት እንዳጣ ይቀራል፣ የኔ ስጋት እሱ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ መድኃኒት ፋብሪካ ትሠራለች። እሷንም ፋብሪካውንም አልጠራም። ስትደውልልኝ «ቲቸር፣ ሽፍት ስንጨርስ ልብሳችንን በኮምፕረሰር እናራግፍና ወለሉን ጠርገን እንወጣለን» አለችኝ። ማታ ማታ ትስላለች፣ ደረቷ ያፍናታል። «እሁድ ቤት ስውል ግን ይሻለኛል» አለች። ኃላፊዋን ስትጠይቀው «ማስክ ሰጥተናችኋል አይደል እንዴ?» ብሏታል። አሁንም እዚያው ናት፣ ታናናሾቿን የምታስተምረው በዚያ ደመወዝ ነው። «ልቀቂ» ለማለት አፌ አልደፈረም። «ጠይቂ፣ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ብቻሽን ሳይሆን ከጓደኞችሽ ጋር ጠይቂ» ነው ያልኳት።

«እሁድ ይሻለኛል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ሥራ ቦታ ላይ የሚይዝ አስም አንዱ ምልክቱ ይሄ ነው፤ ሥራ ላይ ወይም ማታ ይብሳል፣ በእረፍት ቀን ይቀላል። ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ሳል» ብቻ አትበሉ። ምን እንደምትሠሩ፣ ምን ዱቄት እንደምትነኩ፣ መቼ እንደሚብስና መቼ እንደሚሻል ንገሩት። ካልነገራችሁት ሽሮፕ ጽፎ ይሸኛችኋል።

ስለ ማስክም ላስተካክል። ማስክ አታድርጉ አላልኩም፣ አድርጉ! ግን ማስክ ከሁሉም መከላከያ መጨረሻ የሚመጣ ነው። የሥራ ደህንነት ሳይንስ ቅደም ተከተል አለው፦ አደጋውን ማስወገድ፣ ካልሆነ ባነሰ አደጋ መተካት፣ ካልሆነ በማሽን ማሰር፣ ካልሆነ በአሠራር መቀነስ፣ በመጨረሻ መከላከያ መልበስ። ያ በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ሰማያዊ ማስክ ደግሞ ከጎንና ከጎን ክፍት ነው፣ ደቃቅ ዱቄት እንዲይዝ አልተሠራም። ኤን 95 የሚባለው የተሻለ ነው፣ ያውም ፊት ላይ በልክ ከገጠመ። ጺም ያለው ሰው ላይ አይገጥምም። 8 ሰዓት ሙሉ በሙቀት ውስጥ ሳያወልቅ የሚውል ሰው ደግሞ አሳዩኝ።

የሚነሱትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው «ዶላር የለም» ነው። ልክ ነው፣ ሄፓ ፊልተር ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ውድ ነው። ግን ክኒን የሚጨምቀው ማሽንም በዶላር ነው የመጣው። ያለ መሳቢያ የሚገዛ ማሽን ፍሬን የሌለው መኪና ነው። ገዝቶ «ፍሬኑን ሲደላን እንገጥማለን» የሚል ባለ መኪና ይኖራል? ደግሞ የባከነው ዱቄት ራሱ ገንዘብ ነው። ወለል ላይ የወደቀው ንጥረ ነገር በዶላር የተገዛ ነው። ከምንጩ የሚስብ መሳሪያ ማሽኑ ቶሎ እንዳይበላሽ፣ በምርት መካከል የሚደረገው ጽዳት እንዲያጥር ያደርጋል። ሂሳቡን በአንድ ዓመት ሳይሆን በአምስት ዓመት ሥሩት።

ሁለተኛው «መጀመሪያ ሥራ ይፈጠር፣ ደህንነት ቀስ ብሎ ይመጣል» የሚለው ነው። ይሄን አገር ቀስ ብሎ ይመጣል በተባለ ነገር አውቀዋለሁ። የጥጥ አቧራን እንውሰድ። ጋሞ ጥጥና ሽመና ያለበት አገር ነው፣ ከተማችንም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፣ ስለዚህ ጉዳዩ ቤታችን ነው። በኢትዮጵያ አንድ የጥጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት፣ ጥጥ ተፈትቶ በሚጸዳበት ክፍል ካሉት ሠራተኞች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቢሲኖሲስ የሚባለው የጥጥ አቧራ የሳንባ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። ያ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። በጥጥ፣ በሲሚንቶ፣ በዱቄት ፋብሪካዎቻችን ላይ ከዚያ በኋላ የተጠኑት ጥናቶችም አቧራና የመተንፈሻ ችግር አብረው እንደሚሄዱ ነው የሚናገሩት። የመድኃኒት ዘርፉ ገና ልጅ ነው። ከታላቅ ወንድሞቹ መማር የሚችለው አሁን ነው፣ ሕንፃው ከተሠራና ቱቦው ከተዘረጋ በኋላ ማስተካከል ዋጋው እጥፍ ነው።

ሦስተኛው «ሕግ የለም» ነው። አለ! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን አንብቡት። አሠሪው የሥራ ቦታው ለጤና አደጋ እንዳይሆን ማረጋገጥ፣ ስለሚያጋጥመው አደጋ ሠራተኛውን ማሳወቅና ማሰልጠን፣ መከላከያ ማቅረብ፣ የደህንነት ኮሚቴ ማቋቋም፣ የሥራ አደጋና በሽታን መዝግቦ ማሳወቅ ግዴታው ነው። አዲስ ለሚቀጠርና አደገኛ ሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ የጤና ምርመራ በራሱ ወጪ እንዲያስደርግም ይላል። ልብ በሉ፣ «መከላከያ ማቅረብ» ከዝርዝሩ አንዱ ብቻ ነው። «ማስክ ሰጥተናችኋል» የሚል ኃላፊ ከብዙ ግዴታው አንዱን ነው የተወጣው። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሙያ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ድርጅቱ ራሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎታል።

እኔ ምን ይደረግ ነው የምለው? ትንሽ ነገር። አንደኛ፣ የመድኃኒት ባለሥልጣኑና የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች መድኃኒት ፋብሪካ ሲሄዱ አብረው ይሂዱ፣ ቢያንስ አንዱ ያየውን ለሌላው ይስጠው። ሁለተኛ፣ አዲስ ፋብሪካ ፈቃድ ሲጠይቅ የመሳቢያውና የፊልተሩ ዲዛይን ከማሽኑ ዲዛይን ጋር አብሮ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ ፊልተርና መለዋወጫው እንደ ምርት ጥሬ ዕቃ ይታይ፣ ዶላር ሲመደብ አብሮ ይመደብ። አራተኛ፣ ፋርማሲና ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይሄን ለብቻው አንድ ምዕራፍ አድርገው ያስተምሩት። ልጆቹ ክኒን መሥራት ብቻ ሳይሆን ክኒን እየሠሩ መኖርንም ይማሩ።

ለናንተ ለልጆቼ ደግሞ። ፋብሪካ ስትቀጠሩ፣ መድኃኒት ሆነ ሲሚንቶ ሆነ ዱቄት፣ ደመወዙን ከጠየቃችሁ በኋላ እነዚህን ጠይቁ፦

1. ዱቄት ሲፈስ በምንድን ነው የምታጸዱት? መልሱ «በመጥረጊያ» ወይም «በኮምፕረሰር» ከሆነ ቀጥሎ ያለውን በደንብ አዳምጡ።

2. ዱቄቱ በሚነሳበት ቦታ፣ ሚዛኑ ላይ፣ ወንፊቱ ላይ፣ ማሽኑ አፍ ላይ መሳቢያ አለ? ይሠራል? (ትንሽ ክር አስጠግታችሁ ወደ ውስጥ መሳቡን ማየት ትችላላችሁ።)

3. ፊልተሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸውና የተለወጠው መቼ ነው? ማን ነው የሚለውጠው? ሰልጥኗል?

4. የምነካው ዱቄት ስሙ ምንድን ነው? የአደጋ መግለጫ ወረቀቱን ላየው እችላለሁ?

5. ስቀጠርና በየጊዜው የሳንባ ምርመራ አለ?

ሴቶች ልጆቼ፣ ካረገዛችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ፣ ሆርሞንና የካንሰር መድኃኒት ዱቄት ካለበት ክፍል ለመዛወር ጠይቁ። አትፈሩ። የሥራ ልብሳችሁን ወደ ቤት አትውሰዱ፣ ዱቄቱን ለልጃችሁ ነው ይዛችሁለት የምትሄዱት።

እነዚህን በመጠየቃችሁ «ችግር ፈጣሪ» ሊሏችሁ ይችላሉ። ጥሩ ኃላፊ ግን ደስ ይለዋል፣ ምክንያቱም የሚጠይቅ ሠራተኛ ክኒኑንም በጥንቃቄ ነው የሚሠራው። ለራሱ ሳንባ የማይጠነቀቅ ቦታ ለእኛ ለበሽተኞቹ ይጠነቀቃል ብዬ ማመን ይከብደኛል።

በዚህ ዘርፍ የምትሠሩ፣ ፋርማሲስቶች፣ ኢንጂነሮች፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች፣ ኮመንት ላይ ጻፉልን። የሳትኩት ቁጥር ካለ አርሙኝ። ጥሩ የሚሠራ ፋብሪካ የምታውቁ ካላችሁ እንዴት እንደሚሠራ ንገሩን፣ ሌላው ይማርበት። የመጥፎውን ስም ግን እዚህ አትጻፉ፣ ለሚመለከተው ቢሮ በጽሑፍ አስገቡ፣ ኮፒውን ያዙ። ለዘንድሮ ተመራቂ ወንድምና እህቶቻችሁ ደግሞ አምስቱን ጥያቄዎች ስክሪንሾት አድርጋችሁ ላኩላቸው።